የፋሲካ ሌሊት ቁርጠት፦ የአንዲት የሐዋሳ እናት የሐሞት ጠጠርና ማዕዷ

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

ነርስ ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሐዋሳ ውስጥ ሰዎችን በአመጋገብ ጉዳይ አማክራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሲመጣ ግን ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ምን ብበላ ይሟሟል?»

ከዚህ በታች የማወራላችሁ ሴትም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ። መልሱን እስክናገኝ አንድ ዓመት ፈጀብን። በመሃል እኔም ተሳስቻለሁ፣ እሷም ተሳስታለች። ልጻፈው ወይ ስላት «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብላ ፈቀደችልኝ። ማንነቷን የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የሕመሙ ታሪክ ግን እንዳለ ነው።

ባለ ሱቋ

ያኔ 38 ዓመቷ ነበር። የሦስት ልጆች እናት ናት። መነኻሪያ አካባቢ ትንሽ የኮስሞቲክስ ሱቅ አላት። ጠዋት ልጆቹን ትሸኝና አንድ ሲኒ ቡና ጠጥታ ሱቋን ትከፍታለች። ምሳ የምትበላው ደንበኛ ፋታ ከሰጣት ነው፤ ብዙ ቀን አይሰጣትም። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ቤት ስትገባ የቀኑን ሁሉ ባንድ ጊዜ ትበላለች። እናቷም በሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላቸው የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም በጨዋታ መሃል፣ እንደ ተራ ነገር።

በጥር 2016 ክብደቷ 84 ኪሎ ነበር፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60። የእህቷ ሰርግ ደርሶ ቀሚሱ አልገባ አላት። ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ ማታ ሰላጣ፣ በቃ። በአምስት ሳምንት 9 ኪሎ ቀነሰች። ሰፈሩ ሁሉ «ምን ተጠቅመሽ ነው?» አላት። ሰርጉ አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 2፣ ሁዳዴ ገባ። እሷ ደግሞ ጾም አጥባቂ ናት። እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ይህ ለ55 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሴት መሆን፣ ወደ 40 መጠጋት፣ ደጋግሞ መውለድ፣ ውፍረት፣ በቤተሰብ መኖሩ፣ በፍጥነት መክሳት፣ ሆድን ለረጅም ሰዓት ባዶ ማድረግ፤ እነዚህ ሁሉ ለሐሞት ጠጠር ያጋልጣሉ። እሷ ላይ አንዱም አልቀረም። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ ደግሞ አደጋውን በግልጽ ከፍ ያደርጋል። እሷ በሳምንት ወደ 1.8 ኪሎ ትቀንስ ነበር። ሰፈሩ ሲያደንቃት ጠጠሩ ሳይሠራ አልቀረም።

የፋሲካ ሌሊት

ሚያዝያ 27፣ 2016። ቅዳሴው አልቆ ቤት ሲደርሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ዶሮው ደርሷል። ልጆቹ ሳይቀሩ ነቅተዋል። ዶሮ ወጥ ከነ እንቁላሉ፣ አይብ፣ ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ያመጣው ክትፎ። «ጠግቤም አልተውኩም» ትላለች፤ 55 ቀን የጾመ ሰው ይፍረድ።

11 ሰዓት ላይ ሕመም ቀሰቀሳት። ከእምብርቷ በላይ፣ ወደ ቀኝ ጎድኗ ጠጋ ብሎ። ሰው በጡጫው ይዞ የሚጨምቃት መሰላት። እየባሰ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከኋላ ቀኝ ትከሻዋ ሥር ይወጋታል። ብትቀመጥ፣ ብትጋደም፣ ብትንበረከክ ያው ነው። አስታወከች፣ ግን አላቀለላትም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደመጣ ሄደ።

ቤተሰቡ «ቅቤው ነው፣ ሆድሽ ስላልለመደ ነው» አለ። ግማሹ እውነት ነበር።

«ጨጓራ ነው»

እኛ አገር ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሕመሙ ሲመለስ እሷም ጨጓራ ነው አለች። ተልባ ጠጣች። ከፋርማሲ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ገዝታ ዋጠች። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ሰገራዋን መርምረው «ባክቴሪያ አለብሽ» አሏት፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን። ለሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ሰጧት። አልትራሳውንድ ያሰበ የለም።

ክሊኒኩን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ባክቴሪያው እውነት ኖሮባት ይሆናል፤ እኛ አገር ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ይገኛል። ችግሩ እሱ ሲገኝ ፍለጋው መቆሙ ነው። አንድ ሰው ጨጓራም የሐሞት ጠጠርም ባንድ ላይ ሊኖረው ይችላል።

የሕመሙ ጠባይ ግን ይናገር ነበር። ጨጓራ አብዛኛውን ጊዜ ያቃጥላል፣ ቀን በቀን ይመላለሳል፣ የአሲድ መድኃኒት ሲወስዱለት ጋብ ይላል። የሐሞት ቁርጠት ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ወይም ሌሊት ይመጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ብዙ ሰዓት ሳይለቅ ይቆያል። ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። ከዚያ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ድምፁን ያጠፋል። ድምፁን ባጠፋ ቁጥር ሰው «ዳንኩ» ይላል። እሷም ሦስት ጊዜ ድናለች።

አልትራሳውንዱ

በሰኔ መጨረሻ ባሏ ቤተሰቦች ጋ ሄዱ። ባሏ ሲዳማ ነው። አማቷ ቡርሳሜ አቀረቡ፤ ከእንሰት ተሠርቶ ቅቤ በደንብ የጠገበ። ምራት ሆኖ እምቢ ማለት የለም። ማታ ወደ ሐዋሳ ተመለሱ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ባሏ ጎረቤት የሚኖር ባለ ባጃጅ ቀስቅሶ ሆስፒታል ይዟት ሄደ።

ተረኛው ሐኪም ቀኝ ጎድኗ ሥር ተጫን አድርጎ «ትንፋሽ ሳቢ» አላት። ሕመሙ ሲጋብ ቀጠሮ ሰጥቶ አልትራሳውንድ አዘዘላት። ለምርመራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምንም አይበላም፤ ከተበላ የሐሞት ከረጢቱ ተጨምቆ ስለሚያንስ ውስጡ በደንብ አይታይም።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ጠጠሮች አሉ፣ ትልቁ 6 ሚሊ ሜትር። የከረጢቱ ግድግዳ አልወፈረም። የሐሞት ቱቦው አልሰፋም። የጉበት የደም ምርመራዋም ደህና ነው። ነገሩ ገና በጊዜ ተይዟል ማለት ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን በግልጽ አስቀመጡላት። ጠጠር ኖሮት ሕመም የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። እነሱን ማንም አይቀድዳቸውም። የእሷ ግን ማመም ጀምሯል፤ ማመም የጀመረ ደግሞ ይደጋግማል። ቁርጥ ያለው መፍትሔ ከረጢቱን ማውጣት ነው። ዛሬውኑ ካልሆነ የሚባል ግን አይደለም።

እሷ ደነገጠች። ቀጥሎ ያለችውን እስከ ዛሬ እያነሳን እንስቃለን፦ «ዶክተር፣ ሐሞቴን ካወጣችሁት ሐሞተ ቢስ ሆኜ ልቀር ነው?» ሐኪሙም ሳቁ። ሐሞት የሚመረተው ጉበት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፣ ያለ እሱ ሰው ደህና ይኖራል አሏት። አልተዋጠላትም። ሱቁ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ፍርሃቱም አለ። «ትንሽ ልቆይ» አለች። እሳቸውም በየጊዜው እየታየች እንድትቆይ ተስማሙ፤ አመጋገቧን እንድታስተካክል ደግሞ ወደ እኔ ላኳት።

ሐሞት ውስጥ የሚሆነው

ይህን ካላወቅን ቀጥሎ የመጣው ስህተት አይገባንም።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመርታል። ከረጢቱ የሚይዘው ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ የቡና ሲኒ በሉት። ውሃውን እየመጠጠ ሐሞቱን ያወፍረዋል። ቅባት ያለው ምግብ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቀቅና ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ሐሞቱም ወደ አንጀት ይፈሳል።

ሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮል አለ። ኮሌስትሮሉ ከበዛ፣ ወይም ሐሞቱ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ ሳይነካ እንደተቀመጠ ማር ከሥር ይረጋል፣ ይጠጥራል። መጀመሪያ ጭቃ መሳይ ዝቃጭ ነው፤ ኋላ ጠጠር ይሆናል። ብዙው ጠጠር የኮሌስትሮል ነው፤ ከሌላ ነገር የሚሠራም አለ።

በፍጥነት የሚከሳ ሰው ሁለቱም ይደርሱበታል። ከሰውነት ስብ የወጣው ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት ይገባል። የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ከረጢቱ አይጨመቅም። ሕመሙ የሚመጣው ጠጠሩ ኖሮ ከረጢቱ በኃይል ሲጨመቅና ጠጠሩ መውጫው ላይ ሲሰነቀር ነው። ጥርና ሁዳዴ ጠጠሩን ሠሩ፤ የፋሲካ ሌሊት አሳመመው። ቤተሰቡ «ቅቤው ነው» ሲል ግማሽ እውነት ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድና የኔ ስህተት

ነሐሴ 2016 ላይ መጣች። ፍልሰታ ገብቷል። ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም አልኳት፦ «ቅባት የሚባል በሙሉ አቁሚ።» ቀላል ምክር ነው፣ ለመናገርም አፍ ላይ ይጣፍጣል።

እሷ ደግሞ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት። ዘይት የሌለው ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ። ጾሙም አለ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም የለም። ፍልሰታ ካለቀም በኋላ ያንኑ ቀጠለች። በሦስት ሳምንት 5 ኪሎ ወረደች፤ ከ73 ወደ 68። ሱቅ ውስጥ ራሷን አዞራት። ሕመሙም ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንዱ ድንች ብቻ በበላችበት ቀን ነው።

እኔ የሰጠኋት ምክር የጥር ወሩን ስህተት ነበር መልሶ የደገመው። ቅባት ጨርሶ ከሌለ ከረጢቱ በደንብ አይጨመቅም። ሐሞቱ ይተኛል። ክብደት በሚቀንሱ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ቅባቱ ከመጠን በላይ በቀነሰባቸው ላይ ጠጠር ይበዛል፤ በአንድ ማዕድ ወደ 10 ግራም ቅባት ሲኖር ግን ከረጢቱ በደንብ ይጨመቃል፣ አደጋውም ይቀንሳል። ይህን አንብቤው ነበር። ምክር ስሰጥ ግን ያነበብኩትን ትቼ የሰማሁትን ተናገርኩ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሲስተር፣ ቀጠንኩ እኮ፣ አይከፋም» አለችኝ።

አረንጓዴዎቹ ኳሶች

መስከረም 2017 ላይ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ፊቷ በርቷል። «ወጣልኝ!»

ቴሌግራም ላይ ያየችውን አድርጋ ነው። ቀን ሙሉ የፖም ጭማቂ ብቻ፣ ማታ ግማሽ ኩባያ የወይራ ዘይት ከሎሚ ጋር። ጠዋት ሆዷ ተቅማጥ ሆነ፤ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ኳሶች ወጡ። ሃያ ገደማ ናቸው። አጥባ አስቀምጣቸዋለች። እሷ ያላት ሦስት ጠጠር ነበር፤ ሃያው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ደስታዋ አሳዘነኝ።

አንዷን ሲኒ ላይ አድርገን ለሻይ ከፈላው ውሃ ጨመርን። ቀለጠች። ላዩ ላይ ቅባት ተንሳፈፈ። የኮሌስትሮል ጠጠር እንዲህ አይቀልጥም፤ ኮሌስትሮል የሚቀልጠው ከ140 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ አጭር ዘገባ ይህንኑ ያሳያል። አንዲት የ40 ዓመት ሴት ተመሳሳይ ነገር አድርጋ ያወጣችው ኳስ ላቦራቶሪ ሲገባ ኮሌስትሮል አልተገኘበትም። የጠጣችው ዘይት አንጀቷ ውስጥ ሳሙና ሆኖ ነበር።

ባለ ሱቋ ሲኒውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ታዲያ ሳሙና ነው የወለድኩት?» አለች።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ነገሩ አደገኛ ነው። ያን ያህል ዘይት ባንድ ጊዜ ሲገባ ከረጢቱ በሙሉ ኃይሉ ይጨመቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ደግሞ ወደ ቱቦው ሾልኮ ወርዶ ቆሽትን ለማስቆጣት ይቀለዋል። የቆሽት ቁጣ ሰው ይገድላል። በዚያው ሳምንት በቀጠሮዋ ሄዳ በአልትራሳውንድ ታየች። ሦስቱም እዚያው ናቸው።

ሁለተኛው ዕቅድ

ጥቅምት ላይ እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ «ምን ልተው» የሚለውን ትተን «መቼና ስንት» ላይ አተኮርን። በዚያው ወር ሐኪሙ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባለውን መድኃኒት ጀመሩላት። ትንንሽ የኮሌስትሮል ጠጠሮችን በዝግታ ሊያሟሟ ይችላል። ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወሰዳል። ካሟሟም በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ጠጠሩ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ሥራ ቁርስ ነበር። ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ቅንጬ፣ ወይም የአጃ ገንፎ፣ ወይም ፉል ከዳቦ ጋር፤ በሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ 5 ግራም ቅባት ነው፣ ሁለቱ 10 ይሆናሉ። ቡናዋን አልነካሁባትም፤ ከምግብ ጋር ትጠጣው ብቻ አልኩ። ብዙ ሰው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ የሐሞት ጠጠር ሕመም አነስ ብሎ አግኝተዋል። ቡና ከረጢቱን ስለሚያስጨምቅ ባዶ ሆድ ላይ ሕመም የሚቀሰቅስበት ሰው ሊኖር ይችላል። እሷን ምንም አላላትም።

ምሳ በሳህን ሆኖ ከቤት ይወጣል። ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም 7 ሰዓት ላይ ይበላል። ይሄ ከሁሉ ያስቸገረን ነበር። በመጨረሻ ጎን ካለችው ባለ ስልክ ሱቅ ጋር ተስማሙ፤ አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትጠብቃለች። የትኛውም መጽሐፍ ላይ የማላገኘው መፍትሔ ነው።

ከዚያ ዘይቱ። ቤቷ ሄጄ ሽሮ ስትሠራ አየሁ። እንደ ሁላችንም በዓይኗ ነው የምትለካው። «እስቲ በሲኒ» አልኳት። ለአምስት ሰው ሦስት ሲኒ ወጣ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ35 ግራም በላይ ቅባት ነው፤ ያውም የጾም ሽሮ። ወደ አንድ ሲኒ ጎደሎ አወረድነው። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረገች አበሰለችው። ባሏ የመጀመሪያውን ሳምንት አጉረመረመ፤ በሁለተኛው ረሳው።

«የጾም ምግብ ስለሆነ ቅባት የለውም» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። ሳምቡሳውም ቦምቦሊኖውም ጾም ነው። የሐዋሳ አቮካዶ ጁስም ጾም ነው። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ከ20 ግራም በላይ ቅባት አለው፤ አንድ ብርጭቆ ጁስ ውስጥ ደግሞ ከአንድ በላይ ይገባል፣ ስኳሩን ሳንቆጥር። ሐዋሳ ቁጭ ብሎ አቮካዶ አትብሉ ማለት ግን አይሆንልኝም። ሩቡን ከምሳ ጋር በማንኪያ እንድትበላ፣ ጁሱን እንድትተው ተስማማን። አሳም እንደዚሁ። ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ በዘይት የተጠበሰውን ከመብላት የአሳ ሾርባ ወይም በእሳት የተጠበሰ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አልከፍተውም፤ እሷ አትበላም።

የቀረው ቀላል ነበር። ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ምስር፣ ባቄላ ይብዛ። እንጀራው የጤፍ ይሁን፣ አሰር አለው። ስኳር ይቀነስ። ክብደቷን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ፦ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዳትቀንስ። ከነሐሴው ድካም አገግማ 71 ኪሎ ገብታ ነበር፤ በሰባት ወር 67 ደረሰች። ማንም አላደነቃትም።

አማት

የእንሰትና የቅቤው ነገር ለብቻው ይነገር። ምራቲቱ ቡርሳሜ እምቢ ስትል አማት «ቤቴን ናቀችው» ብለው ቅር አላቸው። ባሏ በሁለቱ መሃል ተቸገረ። እኔ መፍትሔ አልነበረኝም። አንድ እሑድ አልትራሳውንዱን ይዛ ሄደችና «እማዬ፣ ይኸው» ብላ ሦስቱን ነጥቦች አሳየቻቸው። አማቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን፣ ቅቤው ለስሙ ያህል የነካው ይቀርብላታል። ይባስ ብሎ ለሌሎቹ ምራቶችም «አንቺም ተመርመሪ» ማለት ጀመሩ።

ሁለተኛው ሁዳዴ

በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ። እኔ ስለ ጾም ለመናገር ሥልጣኑ የለኝም። የንስሐ አባቷን ጠየቀች። ሕመሟን ሰምተው ከጠዋት ጀምራ የጾም ምግብ እንድትበላ ፈቀዱላት። እንባዋ መጣ፤ ያልጾመች መሰላት። «የምግቡን ዓይነት እየጾምሽ ነው» አሏት።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ከአንድ ወር በፊት ጀምረን ስለዚያች ሌሊት ተነጋግረናል። ከቅዳሴ ስትመለስ መጀመሪያ ተልባ ጠጣች፤ እናቷም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ከዚያ አንድ የዶሮ ብልት፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ቅቤ በጭልፋ ተገፍፎ፣ ከትንሽ እንጀራ ጋር። ክትፎ የለም። የቀረው ለምሳ ተላለፈ፤ ቅቤውም በሳምንቱ ቀናት ላይ ተበተነ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደነገጥኩ። «ሲስተር፣ ተኝቼ ነበር የነቃሁት፣ እንኳን አደረሰሽ!»

የሠራውና ያልሠራው

ደብተር ትይዝ ነበር። ከሚያዝያ 2016 እስከ መስከረም 2017 መጨረሻ ዘጠኝ ጊዜ አሟታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሁለት ጊዜ። አንደኛው በገና ማግስት ነው፤ ክትፎው አሸነፋት። ሁለተኛው መጋቢት ላይ፣ ልክ እንደ ዕቅዱ በበላችበት ቀን መጣ። ጠጠሩ እዚያው እስካለ ድረስ ይህ ይሆናል።

መድኃኒቱን የወሰደችው አራት ወር ብቻ ነው። የካቲት ላይ የምታውቃቸው ፋርማሲዎች ሁሉ «አልቋል» አሏት፤ ተገኘ ሲባልም ዋጋው ከአቅሟ በላይ ነበር። ግንቦት 2017 አልትራሳውንድ ተነሳች። ሦስቱም አሉ። ትልቁ ያው 6 ሚሊ ሜትር። ግድግዳው አሁንም ደህና ነው። አዲስ ጠጠር የለም።

እንግዲህ «ምን ብበላ ይሟሟል?» ለሚለው መልሱ ይኸው። ምንም። ምግብ ጠጠሩን አላሟሟም። ሕመሙን ግን አራቀው፣ አዲስ እንዳይጨመር ረድቶ ይሆናል። በይበልጥ ደግሞ በሌሊት ባጃጅ ተጭኖ ከመሄድ፣ ተረጋግቶ ቀን መርጦ ወደ ቀዶ ሕክምና ለመግባት ጊዜ ሰጣት።

ከዚህ ለሌላ ሰው የምወስደው

ጨጓራ ተብሎ ታክሞ የሚመላለስ፣ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም ሲያጋጥመኝ አሁን መጀመሪያ የምለው «አልትራሳውንድ ተነስተሻል?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ «በቅርቡ ከስተሻል ወይ?» ነው። «ቅባት አቁሚ» ማለት ትቻለሁ፤ «በእያንዳንዱ ማዕድ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ አይሁን» እላለሁ። ጾም የሚጾም ሰው ከሆነ የምንነጋገረው በጾሙ ላይ ሳይሆን በፍስኩ የመጀመሪያ ማዕድ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ ምሳውን ማን ይጠብቅላታል የሚለውንም አብረን እናስባለን።

ቤት ውስጥ በምግብ የማይያዝ ነገርም አለ። ሕመሙ ከአምስት ስድስት ሰዓት ካለፈ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚል ነገር ከመጣ፣ ማስታወኩ ካላቆመ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ቢጫ ዓይን ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከቱቦው ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር እዚያ አይወጣም።

ሐምሌ 2017

የሐምሌ ገብርኤልን አንግሣ፣ ስእለቷን አድርሳ፣ በሳምንቱ ሆስፒታል ገባች። ሱቁን ባለ ስልኳ ጎረቤቷ ጠበቀችላት። አማቷ ከልጆቹ ጋር አደሩ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ።

ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ሰጧት። ሦስት ናቸው፤ ቢጫ፣ ጠንካራ። ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው አንዷን ሲኒ ውስጥ ጥላ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነበር። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ጠጠሯ ከሲኒው ሥር ቁጭ ብላለች። ከሥሩ «ይሄኛው አልቀለጠም» ብላ ጽፋለች።